የናዲን ሞት ማግስት

ናዲን ደብረ ማርቆስን ረግጣ አታውቅም። ቢሆንም በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር በከተማው የሷን ያህል ስሙ የሚነሣ ሰው አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንሁም። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ኧረ ቀብር ላይ ሳይቀር «ምን ደረሰች ይሆን?» ይባልላት ነበር። የሥጋ ዘመድ ታሞ እንደዚያ የማይጠየቅ ስንት አለ!

ናዲን «ከግንቡ ወዲያ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ላይ ያለች እስረኛ ናት። ድራማው ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ የአማርኛ ድምፅ ተቀድቶለት፣ የአንድ የሴቶች ወህኒ ቤት ታሪክ ይተርካል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ያለቀው ናዲን ባልሠራችው ወንጀል ተፈርዶባት የብረቱ በር ሲዘጋባት ነበር። ጣቢያው ክረምቱን ሙሉ ሰውን እዚያ በር ላይ አቁሞት ከረመ። ሁለተኛው ምዕራፍ በጥቅምት ማለቂያ ሲጀመር የማሬ ሻይ ቤት አግዳሚ አልበቃ ብሎ ሴቶቹ ከየቤታቸው ዱካ እየተሸከሙ መጡ።

ማሬ ቤቱን የከፈተችው ሻይ ልትሸጥበት ነው። ድራማው በሚታይበት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግን ሻይ ያዘዘ ሰው ይሰደብ ነበር።

«ወህኒ ቤት ተቀምጠው ቅንድባቸውን የሚቀነደቡት በምናቸው ነው?» ትላለች አንዷ።

«እስረኛዋ ሁሉ ምነው ቦሌ ተወልዳ ያደገች መሰለች? ‹ባክሽ› ትላለች እኮ!»

«ያችን ባለ ነጭ ጓንት ጠባቂ እኔ ባገኛት! በዚህች በእጀ!»

«ተይ እቴ፣ አንች ድመት እንኳ ‹ሂጅ› ብለሽ አታባርሪም።»

ሳቁም እርግማኑም እንዲህ ሲደባለቅ፣ ከሁሉም ፊት ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጡት እትዬ ማንጠግቦሽ አይስቁም፣ አይራገሙም። ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ይጠይቃሉ። «ብርድ ልብስ ሰጧት?» ይላሉ። «አሁን የበላችው ምንድን ነው?» ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ እስረኞቹ በሰልፍ ስልክ ሲደውሉ አይተው፣ «እንዴ! ያስደውሏቸዋል ማለት ነው?» አሉና ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ጠቆረ።

ለምን እንደሚጠይቁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ታናሿ ልጃቸው ዜማ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ ታስራለች። የእመቤቷ ወርቅ ጠፋ ተብሎ ነው። ይህችን ወሬ ያደረሰችው እዚያው ዐረብ አገር ጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዲት የሉማሜ ልጅ ነበረች፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ከሷም ጭጭ ሆነ። እትዬ ማንጠግቦሽ በዕድሜያቸው ወህኒ ቤት አይተው ስለማያውቁ፣ የዓለም ወህኒ ቤት ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማሬ ቤት የሚሄዱት ልጃቸውን ለመጠየቅ ነው ቢባል ይቀላል።

ትልቋ ልጃቸው መቅደላዊት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ዝምታዋ ኩራት የሚመስል ልጅ ናት። እሷ ቴሌቪዥኑን አታይም። የምታየው የእናቷን ጀርባ ነው። ናዲን ስትገፈተር የእናቷ ትከሻ ይሸማቀቃል፤ ናዲን ስትስቅ እናቷ ትንሽ ቀና ይላሉ። መቅደላዊት ድራማውን ከዚያ ጀርባ ላይ ትከታተለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ባለ ነጭ ጓንቷ ናዲንን ጎትታ ብርድ ቤት ዘጋችባት። ሴቶቹ ሲንጫጩ ማሬ ብርጭቆ እያጠበች፣ ክፉ ሳታስብ፣ «ኧረ እሷም ብትሆን አንድ ነገር ባታጠፋ ነው? ያለ ጥፋቱ ማን ይታሰራል!» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ማሬ ያለችውን ያወቀችው ጸጥታውን ስትሰማ ነው። «እኔ እኮ… እትየ፣ እኔ ስለ ናዲን ነው» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«አዎ ልጀ፣ ስለ ናዲን ነው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ሳይዞሩ።

መቅደላዊት ዓይኗን ከእናቷ ጀርባ ነቅላ ወደ ውጭ ስታዞር፣ ድረስ የሚሉት ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆሟል። የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቷል። የማሬን ቃል ሰምቷል፤ መቅደላዊት መስማቷንም አይቷል። ተነሥታ ደረቱ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። ነገር ግን ከተጣሉ ሰንብተዋልና፣ ፊቷን መልሳ አይታው የማታውቀውን ቴሌቪዥን ትክ ብላ ማየት ጀመረች። ዘወር ስትል በሩ ባዶ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻዋን መሆኗ ጎልቶ የተሰማት።

*

ድረስን ከተማው የሚያውቀው ጣሪያ ላይ ነው። ዲሽ ይተክላል፣ ያዞራል፣ ንፋስ የጣለውን ያነሣል። ከዚያ በፊት ዲያቆን ነበር፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ዘልቆበትም ነበር። አባቱ መሪጌታ አካለ ወልድ በአማኑኤል ከተማ ስመ ጥር የዜማ መምህር ናቸው። ወንበሬን ይወርሳል ያሉት ልጅ መሰላል ተሸክሞ ሲሄድ፣ «ከሰማይ የሚወርደውን አባቶቻችን በጸሎት ተቀበሉ፤ የኔ ልጅ በሳህን ይቀበላል» አሉ ይባላል። የሰማው ሁሉ ስቋል፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከመቅደላዊት ጋር የተገናኘው በዚሁ በሳህኑ ምክንያት ነው። እሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ዲሹን ያዞራል፤ እሷ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን እያየች «መጣ!» «ሄደ!» ትለዋለች። ድረስ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ከመጣ በኋላም ማዞሩን አልተወም። «መጣ እኮ፣ ለምን መልሰህ ታጠፋዋለህ?» ብላ በቁጣ ስትወጣ፣ ከጣሪያው ጫፍ ሆኖ፣ «ድምፅሽን ልስማ ብየ ነው» አላት። ድፍረቱ አስቆጣት። ማታ ግን ልብስ ስትሰፋ ፈገግ እያለች መርፌው ጣቷን ወጋት።

መሪጌታ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ከወህኒ ቤት አማች አልሻም» አሉ። ቃሉ ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ገበያ ቀን እንኳ አልጠበቀም። መቅደላዊት ሰምታ ዋጥ አደረገችው። ለድረስ አልነገረችውም።

ከዚያ የድራማው ሁለተኛ ምዕራፍ ማስታወቂያ መጣ። መቅደላዊት ድረስን ለምና ዲሹን እንዲያበላሽ አደረገችው። «እናቴ ይህንን ደግሞ ካየች ትሞትብኛለች» አለችው። እሱም በሙያው አድርጎት የማያውቀውን ለሷ ብሎ አደረገው፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን በስንዝር አዞረው። እትዬ ማንጠግቦሽ ባዶውን ቴሌቪዥን ጥቂት ተመለከቱ፤ ነጠላቸውን አነሡ፤ ማሬ ቤት ሄዱ። ከልጃቸው ጋር በጓዳ እያለቀሱ ያዩት የነበረውን ሰው ፊት ያዩት ጀመር።

መቅደላዊት ጸጸቱ ሲያንገበግባት ድረስን መልሳ ጠራችው። «መልሰው» አለችው፣ መሰላሉን ይዛለት።

ድረስ ሁለት እርከን ወጥቶ ቆመ። «እመልሰዋለሁ። ግን መቅዲ፣ እስከ መቼ ነው የምንደባበቀው? ሽማግሌ ልላክና ይለይለት።»

«የማንን ሽማግሌ? አባትህ ናቸው ወህኒ ቤት አማች ሊጠይቁ የሚመጡት?»

ድረስ ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«አማኑኤል ሩቅ አገር መሰለህ? ደግሞስ እሳቸው ቢመጡ እኔ ምን እላለሁ? እህቴ በሰው አገር ታስራ እኔ ቬሎ ልልበስ? እናቴንስ ለማን ትቻት ልሂድ?»

«ዜማ እስክትፈታ እኔም ታስሬ ልቅር ነው የምትይኝ?»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ጎመዘዘው። መቅደላዊት እጇን ከመሰላሉ አነሣች። «አንተን ማን አሰረህ? በሩ ክፍት ነው» አለችው።

ወረደ፤ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ዲሹ እንደ ዞረ ቀረ። እሱ አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ትጠራኛለች ብሎ ጠበቀ፤ እሷ ይዞራል ብላ ጠበቀች። በኋላ ደጋግሞ ስልክ ደወለላት፤ አንዴ ጠርቶ ይዘጋበታል። ዘጋችብኝ አለ። የመቅደላዊት ስልክ ግን ከእናቷ ብብት አይወጣም ነበር፤ ዜማ በቃሏ የምታውቀው ያን ቁጥር ብቻ ነውና። እትዬ ማንጠግቦሽ ማንበብ ባይችሉም የባሕር ማዶ ቁጥር ረዥም መሆኑን ያውቃሉ፤ አጭር ከሆነ መስመሩ እንዳይያዝ ብለው ቶሎ ይዘጉታል። ድረስ በሷ አዘነ፣ እሷም አንድ ቀን እንኳ አልደወለም ብላ በሱ አዘነች። ፍቅር እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው እያለቀሰ ሁለቱም የተበደለው እኔ ነኝ ይላል።

*

ድረስ የማሬን ቃል በሰማበት ሳምንት አማኑኤል ሄደ። መሪጌታ አካለ ወልድ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ልጃቸው ጉልበታቸውን ስሞ ሲቀመጥ፣ ያልጠበቀውን ጠየቁት።

«ናዲን የምትባለው ማን ናት?»

ድረስ የሰማውን አላመነም። «ከየት ሰሙ አባየ?»

«ከየት ልስማ! ተማሪው ሁሉ ድጓውን ትቶ ‹ብርድ ቤት ተዘጋባት› እያለ ያንሾካሽካል። የታመመች ዘመድ መስላኝ ጸሎት ላደርግላት ነበር።»

ድረስ ሳቁን አፍኖ ድራማውን ነገራቸው። ከናዲን ተነሥቶ ሳያስበው የዜማን ነገር ጀመረ፤ ከዜማ እናትየዋ ደረሰ፤ «ብርድ ልብስ ሰጧት?» እያሉ ቴሌቪዥን የሚጠይቁት ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ከሳሿ እመቤቷ ናት?» አሉ።

«አዎ።»

«ምስክሯስ?»

«ያችው እመቤቷ።»

«ዮሴፍን በግብፅ ማን አሳሰረው?»

«የጲጥፋራ ሚስት።»

«ይህን ስንት ዘመን አስተማርሁት! ስንት ጊዜ አለቀስሁበት! ዮሴፍ ደጀ ላይ ሲመጣ ግን ‹ከወህኒ ቤት አልዛመድም› ብየ ኖሯል።» ተነሡ። «ሽማግሌ አትፈልግ። እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

«መጀመሪያ ልደውልና…»

«ሽማግሌ ስልክ ደውሎ አይሄድም!» አሉ በቁጣ። «ማለዳ ሄዶ ደጅ ይቆማል እንጅ።»

ቅዳሜ ከሰዓት መሪጌታ አንድ ሽማግሌ አስከትለው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ያደሩት ዘመዳቸው አያ አበረ ቤት ነው። አያ አበረ ሦስተኛ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ ተስማሙ። ድረስ አባቱን ሲያስተናግድ፣ ለነገው አዲስ ኮት ሲገዛ አመሸ፤ ማሬ ቤት አልሄደም። ደስታውን የሚነግረው አንድ ሰው ቢፈልግ ያለችው መቅደላዊት ብቻ ነበረች፤ ለሷ ደግሞ መንገር አይቻልም።

*

በዚያች ቅዳሜ ናዲን ሞተች።

ብርድ ቤት ውስጥ ታማ፣ ሐኪም ሳይመጣላት ሞተች። መጨረሻ ላይ የታየችው እናቷ ነበረች፤ ምንም ሳትሰማ ለልጇ ያመጣችውን ሹራብ አቅፋ ከግንቡ ውጭ ወረፋ ትጠብቃለች። ከዚያ ጽሑፉ ወረደና ዘፈኑ ጀመረ።

ማሬ ቤት የሆነውን ያላየ አያምንም። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። አንዲት ባልቴት ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። «ክረምቱን ሙሉ ያስጠበቁን ለዚህ ነው? ደራሲው ልጅ የለውም?» ያለችም ነበረች። አንዷ ጣቢያውን ከነባለቤቱ ረገመች። ማሬ ከሁሉም ይልቅ አለቀሰች፤ ያን ቃል ከተናገረች ወዲህ ልቧ አልተመለሰም ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ አላለቀሱም። ሲነሡ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«እናትየዋ ሳትሰማ ነው ያለቀው?» አሉ። 

መቅደላዊት ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ቤት ገብተው መደቡ ላይ ቁጭ ሲሉ፣ «እኛ አገር እንኳ መርዶ ሰው አለው» አሉ እናቷ። «ማለዳ ይመጣሉ፤ ይዘውሽ ይነግሩሻል፤ አብረውሽ ያለቅሳሉ። እዚያ አገር ማን ይመጣል?»

«እምየ፣ ድራማ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ልጀ። ድራማ መሆኑን አውቃለሁ።»

መቅደላዊት እናቷን አስተኝታ በሩ ላይ ቆመች። የሚያጽናናት ሰው ያስፈልጋታል፤ ያለቀሰች እንደሆነ ግን እናቷ ይሰማሉ። እንባዋን ዋጠችው።

*

እሑድ ማለዳ ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። እትዬ ማንጠግቦሽ የውጭውን በር ሲከፍቱ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። አንዱ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ መቋሚያ የያዙ፣ ያላወቋቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ሌላው አያ አበረ ናቸው፤ አያ አበረ ደግሞ የእድሩ ዳኛ ናቸውና በሰፈሩ መርዶ ሁሉ ቀድመው የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ አንገቱን ይደፋል። መርዶ የያዘም እንዲሁ።

«እንደምን አደሩ እትየ» አሉ አያ አበረ።

«ግቡ… ተቀመጡ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ከንፈራቸው እየደረቀ።

«የለም፣ አንቀመጥም። ቆመን ነው የምንነግርዎ።»

ሌላ ቃል አላስጨረሷቸውም። «ዜማየ!» አሉና እሪ ብለው ወደቁ።

ጩኸቱ አጥር ለአጥር ሄደ። ሰፈሩ ከናዲን ጋር አልቅሶ ነው ያደረው፤ የማን ቤት እንደሆነ ሲሰማ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ማሬ ከሁሉ ቀድማ፣ «እህቴን! እህቴን!» እያለች ደረሰች። ወንዶቹ አግዳሚ ተሸክመው ገቡ። መሪጌታ በጉባኤ መካከል ቃል አጥሯቸው የማያውቅ ሰው፣ «ስሙኝ! ኧረ ስሙኝ!» ቢሉ ፍትሐት የጀመሩ መስሏቸው ሁለት ሴቶች እግራቸው ላይ ተደፉ። አያ አበረ እጃቸውን አንሥተው «አይደለም! አይደለም!» ይላሉ፤ ያን ያየው ሁሉ እሳቸውም ሐዘኑ ከበዳቸው ብሎ ይብሱን ያለቅሳል።

መቅደላዊት ባዶ እግሯን ከጓዳ ወጥታ መሬት ላይ ተዘርግታ ነበር። «እኔ ልሙት ዜማየ፣ እኔ ልሙት» ትላለች። ፊቷን ከአፈሩ ቀና ስታደርግ አጥሩ በር ላይ ድረስን አየችው። በባህሉ ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ጥግ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ የመጣ ነው።  አዲስ ኮት ለብሷል። የልብስ ሰፊ ዓይን አላትና፣ የኪሱ ስፌት ገና እንዳልተፈታ አየች።

ለመርዶ አዲስ ኮት የሚገዛ ሰው የለም።

ጥምጣም የጠመጠሙትን ሰውየ አየች፤ ግንባራቸው የድረስ ግንባር ነው። ዜማ አልሞተችም። ይህን ሁሉ ሰው ያስለቀሰው የሷ ጋብቻ ነው። ደስታዋ ደጇ ድረስ መጥቶ፣ ከሚያለቅሰው ሁሉ ከሷ በቀር የሚያውቀው የለም። እንደዚያች ደቂቃ ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

በጉልበቷ እየዳኸች እናቷ ጋ ደረሰች፤ ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘችው። «እምየ፣ ስሚኝ። ዜማ አልሞተችም። እኔን ሊጠይቁ ነው የመጡት።»

«ምን?»

«እኔን። ለጋብቻ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ቀና ብለው መሪጌታን አዩ። «እውነት ነው? በሚያምኑት ይንገሩኝ።»

መሪጌታ አካለ ወልድ ውርጩ ላይ ተንበረከኩ። «እሜቴ፣ አካለ ወልድ እባላለሁ፤ የድረስ አባት ነኝ። ልጅዎን መቅደላዊትን ለልጀ ልለምን ነው የመጣሁት። ስለ ዜማ ክፉም ደግም አልሰማሁም። ይህን ያህል ስላስለቀስሁዎት ይማሩኝ።»

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያለ ረገበ። እትዬ ማንጠግቦሽ መሬት ላይ እንደ ተቀመጡ የልጃቸውን ጆሮ ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«ላንድ አፍታ አርፌ ነበር» አሉ። «ከእንግዲህ አይበርዳትም ብየ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ይህን የሰማችው መቅደላዊት ብቻ ናት። እናቷን አጥብቃ አቀፈች።

አያ አበረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትየ፣ የዛሬው ቀን አላማረም። እንደ ወጉ ቀጠሮ ይስጡንና ሌላ ቀን እንመለስ።»

«ቀጠሮ አልሰጥም» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ድረስ አጥሩን ተደግፎ ነበር፤ ሊሄድ ዞረ። መቅደላዊት አየችው፤ አፏን ከፈተች፤ ግን ከእናቷ ክንድ ሳትወጣ ምን ብላ ትጥራው?

እትዬ ማንጠግቦሽ የልጃቸውን ትከሻ ተመርኩዘው ተነሡ። «መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። በጠላቴ አልፈርድም፤ በዚህ ልጅ ልፍረድበት? ሰጥቻለሁ። ዛሬውኑ ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

«እምየ!» አለች መቅደላዊት። «ዜማ ሳትመጣ? አንችን ብቻሽን ጥየ?»

«እና ሁለታችሁንም እንድጠብቅ ትፈልጊያለሽ?»

 ሽማግሌዎቹ ለለቅሶ በመጣው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ድረስ ግቢውን አቋርጦ አጠገቧ መጣ፤ ሰው ፊት እንዲህ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው።

«ስደውል ስትዘጊብኝ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አላት በቀስታ።

«ስልኩ እናቴ ጋ ነው። የባሕር ማዶ ቁጥር ካልሆነ ትዘጋዋለች።»

ድረስ እትዬ ማንጠግቦሽን ተመለከተ። የመቅደላዊትን እጅ ያዘ። የሞቀ እጅ ነበር። መቅደላዊት ስንት ጊዜ የናፈቀችው እጅ ነው፤ አሁን በእጇ ገብቶ እንኳ ዓይኗ እናቷ ላይ ነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ በሴቶቹ መካከል ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ። «ልጀ ተጠይቃለች እኮ! እልል በሉ እንጅ!»

ሴቶቹ ተያዩ። ማሬ ሞከረች፤ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ አልወጣላትም። ሌሎቹም ያዘቀዘቁትን ነጠላ ይመልሱ ወይስ ይተዉ ጨንቋቸዋል። ከዚያ እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻቸውን እልል አሉ። መሐል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ትንፋሽ ወስደው እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም የተቀበላቸው የለም።

መቅደላዊት እጇን ከድረስ እጅ ቀስ ብላ አወጣች። ሄዳ ከእናቷ ጎን ቆመችና እልል አለች። የተጠየቀች ልጅ ለራሷ እልል አትልም፤ በአገራችን ነውር ነው። ያን ቀን ግን ነውር ነው ያላት ሰው አልነበረም።